ስለ ሚዛን፥ ስለ መስፈሪያና በእሽግ ምግብ ላይ ስለሚጻፈው ቍጥር

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ከሱቅ የገዛኸውን የታሸገ ምግብ፥ ብስኩትም ቢሆን ዱቄትም ቢሆን፥ እስቲ አገላብጠህ ተመልከተው። ስሙ በትልቁ ተጽፏል፤ ሥዕሉም ዓይን ይማርካል። ከግርጌው ግን አንዲት ትንሽ ቍጥር አለች፤ 250 ግራም፥ ወይም 1 ኪሎ፥ ወይም ግማሽ ሊትር ትላለች። ዕቃው ከአሜሪካ የመጣ እንደ ሆነ ደግሞ ቍጥሩ ሁለት ነው፤ አንዱ በአውንስና በፓውንድ፥ ሁለተኛው በግራም ይጻፋል። ብዙ ሰው ስሙንና ሥዕሉን አይቶ ይገዛል እንጂ ይህችን ቍጥር አያነባትም። እኔ ግን በእሽጉ ላይ ከተጻፈው ሁሉ ብዙ ታሪክ ያላት እርስዋ ናት እላለሁ። ስለ እርስዋ ሕግ ወጥቷል፤ መርከብ ተጕዟል፤ ሰውም ተከሶ በፍርድ ቤት ቆሟል። ስለዚህ ታሪኳን ልጽፍልህ ወደድሁ። ዓመታቱን የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

እህል ሳይታሸግ በሚሸጥበት ገበያ ገዢው መስፈሪያውን በዓይኑ ያያል። ሻጪቱ ቁናዋን ስትሞላ ገዢው «ነቅነቅ አድርጊው እንጂ» ይላል፤ «ቈለል ይበል» ይላል። እርስዋም «ኧረ ወዲያ፥ ልታከስረኝ ነው!» ትለዋለች፤ በመጨረሻም አንድ እፍኝ ምራቂ ትጨምርለትና ተመራርቀው ይለያያሉ። እዚህ ላይ የሚጻፍ ቍጥር አያስፈልግም። ዳኛው ዓይን ነው፤ ምስክሩም በአጠገብ የተቀመጠው ገበያተኛ ነው። ያታለለችም እንደ ሆነ በሚመጣው ቅዳሜ እዚያው ቦታዋ ላይ ትገኛለችና ማምለጫ የላትም።

የዚህ ልማድ ጕድለቱ ቁናው ከገበያ ገበያ መለያየቱ ነው። ቁና፥ ዳውላ፥ እንቅብ፥ ላዳን የሚሉት ስሞች በብዙ አገር ሲጠሩ፥ የሚይዙት እህል ግን አንድ አልነበረም። ፈረሱላም እንደ ከተማውና እንደ ሸቀጡ ክብደቱ ከፍና ዝቅ ይል ነበር። ወርቅ የሚመዘንበት ወቄት፥ በማርያ ቴሬዛ ብር ክብደት፥ ማለት በ28 ግራም ገደማ ይታወቅ ስለ ነበር፥ ይሻል ነበር። በዚህ ልዩነት የሚጐዳው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ብዙ መመራመር አያሻም። ነጋዴው የሁለቱንም ገበያ መስፈሪያ ያውቃልና ያተርፍበት ይሆናል እንጂ አይጐዳበትም። የሚጐዳው ከሩቅ የመጣው እንግዳ፥ ይልቁንም እህል ተበድሮ በእህል የሚከፍለው ድኻ ነው። ሲበደር በትንሿ ቁና፥ ሲከፍል በትልቋ የተሰፈረበት ሰው ለማን አቤት ይላል? «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» የሚለው ተረት የተነገረው፥ በቤቱ ሁለት ዓይነት ቁና ያስቀመጠ ጌታ ታይቶ ይመስለኛል።

ይህ መከራ የእኛ አገር ብቻ አልነበረም። በፈረንሳይ ከ1789ቱ አብዮት በፊት በየአውራጃው፥ እንዲያውም በየከተማውና በየመንደሩ፥ የእህሉ መስፈሪያ የተለያየ ነበር፤ በብዙ ስፍራም የገበሬው ግብር የሚሰፈርበትን ዕቃ የሚያስቀምጠው የመሬቱ ጌታ ራሱ ነበረ። ጌታው መስፈሪያውን ጥቂት በጥቂት ቢያሰፋው፥ ግብሩ «ተጨመረ» ሳይባል ይጨመራል። በዚያ ዓመት ሕዝቡ ብሶቱን እየጻፈ ለንጉሡ ለሉዊ 16ኛ እንዲያቀርብ በተፈቀደ ጊዜ፥ ከየመንደሩ በመጡት መዝገቦች ውስጥ ተደጋግሞ የተገኘው አንዱ ልመና፥ በአገሩ ሁሉ አንድ ሚዛንና አንድ መስፈሪያ ይሁንልን የሚል ነው። ይህን ልብ በል። ሜትርና ኪሎ ሲነሣ ሊቃውንት በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የፈለሰፉት ነገር ብቻ ይመስለናል፤ ጥያቄው የተነሣው ግን ግብር ከሚሰፈርበት ገበሬ ነው።

መልሱን የሰጡት ሊቃውንቱ ናቸው። በ1791 የርዝመት መሠረት ከሰው ክንድ ወይም ከንጉሥ እግር ሳይሆን ከምድር ራሷ እንዲወሰድ ተወሰነ፤ ከሰሜን ዋልታ እስከ ምድር ወገብ ያለው ርቀት ለ10,000,000 ተከፍሎ አንዱ እጅ ሜትር ይሁን ተባለ። ደላምብርና ሜሼን የተባሉ ሁለት የከዋክብት ሊቃውንት ከደንከርክ እስከ ባርሴሎና ያለውን አገር ከ1792 እስከ 1798 ድረስ እየተዘዋወሩ ለኩ። ጊዜው የአብዮትና የጦርነት ጊዜ ስለ ነበረ፥ በየተራራውና በየደወል ቤቱ ላይ መነጽር ተክለው የሚያያቸው ሁሉ ይጠረጥራቸው ነበር፤ ተይዘውም ያውቃሉ። በ1795 በወጣው ሕግ ሜትር፥ ሊትርና ግራም ተደነገጉ፤ በ1799 ከፕላቲን የተሠሩት ሜትርና ኪሎ በመንግሥቱ መዝገብ ቤት ተቀመጡ።

ገበሬው ግን የለመነው አንድ መስፈሪያ ነው እንጂ የግሪክ ስም አልነበረም። አዲሶቹን ስሞች ሰምቶ ዝም አለና በቀድሞው ይገበያይ ጀመር። ናፖሌዎንም ሕዝቡን ማስገደድ ስለ ከበደው በ1812 ለችርቻሮ ገበያ የቀድሞዎቹ ስሞች እንዲመለሱ ፈቀደ፤ ነገር ግን «ሊቭር» የሚባለው የቀድሞ ክብደት ልክ 500 ግራም እንዲሆን አደረገ። በ1837 በወጣ ሕግ ይህ ፈቃድ ተሽሮ ከ1840 መጀመሪያ አንሥቶ ሜትሪኩ ብቻ እንዲሠራበት ታዘዘ። ቢሆንም ዛሬ በፈረንሳይ ገበያ አንዲት ሴት «አንድ ሊቭር ቲማቲም ስጠኝ» ብትል ሻጩ ግማሽ ኪሎ ይመዝንላታል። አሮጌው ስም በአዲሱ ልክ ውስጥ ገብቶ ኑሮውን ቀጠለ።

ይኸው ልክ ገና በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ለመሻገር ሞክሮ ነበር። ቶማስ ጄፈርሰን በ1790 በአሥር በአሥር የሚከፈል መለኪያ ለምክር ቤቱ አቅርቦ ሳይጸድቅለት ቀረ። በ1794 ዶምቤ የተባለ የፈረንሳይ የዕፀዋት ሊቅ የሜትርና የኪሎ ናሙና ይዞ ወደ አሜሪካ ተሳፈረ። ማዕበል መርከቡን ወደ ካሪቢያን ባሕር ገፋው፤ የባሕር ዘራፊዎች ማረኩት፤ በሞንትሰራት ደሴትም ታስሮ ሳለ ሞተ። አንዳንድ ሰዎች «አሜሪካኖች በኪሎ የማይገበያዩት በባሕር ወንበዴ ምክንያት ነው» እያሉ ይቀልዳሉ። ቀልዱ ያምራል፤ እኔ ግን አልቀበለውም። ጄፈርሰን በዚያን ጊዜ ከሚኒስትርነቱ ለቅቆ ነበር፤ ሕዝቡም ከእንግሊዝ የወረሰውን ፓውንድ ለምዶ ነበር፤ ልማድ ደግሞ ከወንበዴ ይበረታል።

የሆነ ሆኖ ኪሎው በኋላ በር ገባ። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1866 ሜትሪክ መጠቀም ሕጋዊ ነው ብሎ ፈቀደ፤ በ1875 አሥራ ሰባት መንግሥታት በፓሪስ የሜትርን ውል ሲፈራረሙ አሜሪካ አንዷ ነበረች። በ1893 ደግሞ ፓውንዱና ያርዱ መሠረታቸውን ከኪሎና ከሜትር እንዲወስዱ ታዘዘ። በ1959 አሜሪካ፥ እንግሊዝና ሌሎችም እንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች ተስማምተው አንድ ፓውንድ ልክ 0.45359237 ኪሎ ነው ብለው ቈረጡ። እንግዲህ ፓውንድ ዛሬ የሚኖረው የኪሎ ልጅ ሆኖ ነው። በአደባባይ የሚፎካከሩት ሁለቱ ልኮች በጓዳ አባትና ልጅ መሆናቸውን ብዙ ተከራካሪ አያውቅም።

አሁን ወደ እሽጉ እንመለስ። በአሜሪካ ቀድሞ ብስኩቱም ስኳሩም ዱቄቱም ከበርሜል እየተጨለፈ በገዢው ፊት ይመዘን ነበር። ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አንሥቶ ፋብሪካዎች ምግቡን በካርቶንና በቆርቆሮ እያሸጉ ወደ ሩቅ አገር ይልኩ ጀመር። ለንጽሕና ትልቅ ጥቅም ነው፤ ዝንብና አቧራ ቀረ። ነገር ግን እሽጉ ሲመጣ ዓይን ከዳኝነቱ ተሻረ። ባለሱቁ ራሱ በውስጡ ምን ያህል እንዳለ አያውቅም፤ ምራቂ የሚጨምር እጅ የለም፤ አታላዩም በሚመጣው ቅዳሜ በቦታው አይገኝም። የካርቶኑ ግማሽ ባዶ ቢሆን፥ የጠርሙሱ ሥር ወደ ውስጥ ቢገባ፥ ማን ያያል?

በ1906 የወጣው የምግብና የመድኃኒት ሕግ ምግብ እንዳይበላሽና በሐሰት ስም እንዳይሸጥ ከለከለ፤ መጠኑን ጻፉ ብሎ ግን አላስገደደም። የጻፈ ሰው እውነቱን ይጻፍ ብቻ አለ። እንዲህ ያለው ሕግ የጻፈውን ይጠይቃል፥ ዝም ያለውን ያሳልፋል። ይህ ጕድለት በ1913 ታረመ፤ በእሽጉ ውጭ የይዘቱ መጠን በክብደት፥ በስፍር ወይም በቍጥር በግልጽ እንዲጻፍ ታዘዘ። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ለእኔ ትልቁ ቀን ይህ ነው። የጠፋው ዓይን በቍጥር ተተካ።

ቢሆንም ቍጥር ተጽፎም ሰውን ማደናገር ይቻላል። ጽሕፈቱን ማሳነስ፥ ከጥግ መደበቅ፥ መጠኑን እንደ 14 አውንስ ተኩል ባለ ለማነጻጸር በማይመች ቍጥር ማድረግ፥ ከዚያም በላይ ቅጽል መጨመር ይቻላል። «ክዋርት» ማለት የታወቀ ልክ ነው፤ አንዱ ክዋርት ከሌላው ክዋርት አይበልጥም። አንዳንድ ሻጮች ግን በዕቃቸው ላይ «ግዙፍ ክዋርት» የሚል ቃል ይጽፉ ነበር። ይህ «ረዥም ሜትር» እንደ ማለት ነው! የሚሺጋን እንደራሴ የነበረው ሴናተር ፊሊፕ ሃርት ከ1961 አንሥቶ ስለዚህ ነገር ምርመራ አስጀመረ፤ ብዙ ባለፋብሪካዎች ተቃወሙት፤ አምስት ዓመት ያህል ታገለና በኅዳር 1966 ፕሬዚዳንት ጆንሰን በሕጉ ላይ ፈረሙ። ሕጉ እንዲህ ያለውን ቅጽል ከለከለ። ከአራት ፓውንድ በታች የሆነ እሽግም በአውንስ ብቻ ሳይሆን በፓውንድ ጭምር እንዲጻፍበት አዘዘ፤ ይኸውም «24 አውንስ» ሲል አጠገቡ «1 ፓውንድ ከ8 አውንስ» እንዲል ነው። በወጡትም ደንቦች ቍጥሩ በፊተኛው ገጽ ከታች ከመቶ ሠላሳ እጅ በሚሆነው ስፍራ ላይ እንዲጻፍ፥ የፊደሉም ቁመት እንደ ገጹ ስፋት እንዲያድግ ተደነገገ። የፊደል ቁመት ትንሽ ነገር ይመስልህ ይሆናል። መነጽር የሌላትን አሮጊት ጠይቃት።

ግራሙ በዚህ እሽግ ላይ የገባው ከዚህ በኋላ ነው። አሜሪካ በ1975 ወደ ሜትሪክ በፈቃደኝነት እንሻገር የሚል ሕግ አወጣች፤ የሚያስተባብረውም ጉባኤ በ1982 ፈረሰ። በ1988 ሜትሪክ ለንግድ የሚመረጥ ልክ ነው ተባለ። በ1992 የ1966ቱ ሕግ ተሻሽሎ፥ ከየካቲት 1994 ጀምሮ በእሽግ ላይ ሁለቱም ልኮች እንዲጻፉ ግዴታ ሆነ።

የወንድሜ ልጆች ከአሜሪካ የመጣ የመኮሮኒ እሽግ አንሥተው «16 አውንስ፥ 1 ፓውንድ፥ 454 ግራም» የሚለውን አነበቡና «ለምን 450 ወይም 500 አላደረጉትም?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው ደስ አሰኘኝ፤ መልሱ ከላይ የነገርኩህ ታሪክ ነውና። 454 ማለት ፓውንዱ ራሱ ነው፤ በግራም ቋንቋ ተተርጕሞ የቀረበ። ሁለት ቍጥር በአንድ እሽግ ላይ ስታይ ክብ የሆነውን ፈልግ፤ እርሱ ዕቃው የተሰፈረበት ልክ ነው፤ ሌላው አስተርጓሚ ነው። አስተርጓሚውም ከንቱ አይደለም። «አውንስ» የሚለው አንድ ቃል በአሜሪካ ለክብደትም ለፈሳሽም ይነገራል፤ የክብደቱ 28.35 ግራም ሲሆን የፈሳሹ 29.57 ሚሊ ሊትር ነው። «ፓይንት» የሚለውም ቃል በአሜሪካ 473፥ በእንግሊዝ 568 ሚሊ ሊትር ነው። ስሙ አንድ፥ ይዘቱ ሁለት! ከላይ ያየነው የቁናው መከራ ባሕር ተሻግሮ እንደ ኖረ ታያለህ። ግራምና ሚሊ ሊትር ግን በየትም አገር አንድ ናቸው።

እንግሊዝን ካነሣሁ አይቀር የዚያንም ጠብ ልንገርህ። እንግሊዝ በ1965 ወደ ሜትሪክ እሻገራለሁ ብላ አስታወቀች፤ የታሸገው ዕቃ ከ1995፥ ሳይታሸግ የሚመዘነው አትክልትና ፍራፍሬ ከ2000 መጀመሪያ አንሥቶ በኪሎ እንዲሸጥ ታዘዘ። የረጋ ማርማላታ የሚሸጥበት ብርጭቆ ግን ዛሬም ብዙ ጊዜ 454 ግራም ይላል። በሰንደርላንድ ከተማ ስቲቭን ቶበርን የሚባል አትክልት ሻጭ ሙዝ በፓውንድ ብቻ በሚያነብ ሚዛን መዝኖ ስለ ሸጠ ተከሶ በ2001 ተፈረደበት፤ ይግባኙም በ2002 ውድቅ ሆነ፤ እርሱም በ2004 በወጣትነቱ ሞተ። ብዙ ሰው አዘነለት፤ እኔም አዝናለሁ። ማንንም አላታለለምና፤ ደንበኞቹም የሚጠይቁት በፓውንድ ነበር። ነገር ግን በአንድ ገበያ አንዱ በኪሎ፥ አንዱ በፓውንድ ዋጋ ከለጠፈ፥ ከሱቅ ሱቅ የምትዞረው ገዢ ርካሹን በምን ትለየዋለች? ሕጉ በኪሎው አጠገብ ፓውንዱንም መጻፍን አልከለከለም። በ2022 መንግሥቱ የቀድሞው ልክ ይመለስ ወይ ብሎ ሕዝቡን ጠየቀ፤ ከመለሱት ከ100,000 በላይ ሰዎች ውስጥ ከመቶ 98.7 የሚሆኑት ሜትሪኩን መረጡ። በልማድ ተቈጥተው የነበሩት ልጆቻቸው በኪሎ ተምረው አድገዋል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። አሜሪካ ሁለቱም ልኮች ካልተጻፉ አልቀበልም ስትል፥ የአውሮፓ ማኅበር ደግሞ ከሜትሪክ ሌላ ተጨማሪ ልክ መጻፉን ጨርሶ ሊከለክል ቀን ቈርጦ ነበር። ቀኑ ከ1989 ወደ 1999፥ ከዚያም ወደ 2009 እየተላለፈ ሄደ። ክልከላው ቢጸና ኖሮ አንዱ የብስኩት ካርቶን በሁለቱ ወገን መሸጥ አይችልም ነበር፤ በአንዱ ዘንድ የታዘዘው በሌላው ዘንድ ወንጀል ይሆን ነበርና። በ2009 አውሮፓ ክልከላውን ተወች፤ ሁለቱ ቍጥሮች ጐን ለጐን እንዲቀመጡ ለዘለቄታው ፈቀደች።

በአውሮፓ እሽግ ላይ ከቍጥሩ አጠገብ አንዲት «ኢ» የምትባል የላቲን ፊደል ታያለህ። ትርጕሟ እሽጎቹ በአንድነት ሲመዘኑ አማካዩ ከተጻፈው አያንስም ማለት ነው። አንዱ የግማሽ ኪሎ እሽግ እስከ 15 ግራም ቢጐድል ይታለፋል፤ ሌላው ግን ሊያካክሰው ይገባል። ማሽን እንደ እጅ ይሳሳታልና ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን ቍጥሩ እውነት ሆኖ ሳለ ገዢው የሚጐዳበት ሌላ መንገድ አለ። ካርቶኑም ዋጋውም እንዳለ ይቀመጥና ይዘቱ ይቀነሳል። በአሜሪካ አንድ ፓውንድ ይይዝ የነበረው የቡና ቆርቆሮ በ1980ዎቹ መጨረሻ ገደማ በብዙ ሱቅ 13 አውንስ ሆኖ ተገኘ። ቍጥሩ አልዋሸም፤ 13 ይላል። የሚያነበው ጠፋ እንጂ። የአውሮፓ ማኅበር በ1998 ባወጣው መመሪያ ሱቆች ከዋጋው ጋራ የአንድ ኪሎ ወይም የአንድ ሊትር ሒሳብ እንዲጽፉ አዘዘ፤ ፈረንሳይም ከሐምሌ 2024 አንሥቶ ትልልቅ ሱቆች ይዘቱ የተቀነሰበትን ዕቃ ለሁለት ወር ያህል በማስታወቂያ እንዲያሳውቁ አስገደደች። ከ230 ዓመት በላይ ቈይቶ ጌታው መስፈሪያውን የሚያስተካክልበትን እጅ ደግሞ ሕግ ይከታተለዋል።

በእኛ አገር የሚዛንና የመስፈሪያ አዋጅ በ1963 ወጥቶ ሜትሪኩ ሕጋዊ ልክ ሆነ። እንደ ፈረንሳዩ ሊቭር የእኛም አሮጌ ስሞች አልሞቱም። ጤፍ የምንገዛበት ኩንታል ስሙ ከዐረቡ ቂንጣር የመጣ ጥንታዊ ቃል ሲሆን ክብደቱ ግን 100 ኪሎ ሆኗል። በ2008 የተቋቋመው የምርት ገበያ የቡናን ዋጋ ሲናገር በፈረሱላ ነው፤ ያ ከከተማ ከተማ ይለዋወጥ የነበረው ፈረሱላ ዛሬ 17 ኪሎ ብሎ ቆሟል።

ጤፉም ራሱ ተሰድዶ በአሜሪካ በአይዳሆ ክፍለ ሀገር ይበቅላል፤ በዋሽንግተን ያሉ ወገኖቻችን ዱቄቱን የሚገዙበት ከረጢት 25 ፓውንድ የሚል ሲሆን፥ በአጠገቡ 11.3 ኪሎ ተብሎ ተጽፎበታል። እዚያ ብዙ ዓመት የኖረች አንዲት እናት ፓውንዱን አልፋ ኪሎውን እንደምታነብ ነገረችኝ። ሒሳቧን የምትይዘው በአገርዋ ልማድ በኩንታል ነው፤ ዘጠኝ ከረጢት ሲገባ አንድ ኩንታል ሞላ ትላለች። እኔም ብዕር አንሥቼ ባባዛው 102 ኪሎ መጣ። «ሁለት ኪሎ ይተርፋል እኮ» ብላት፥ «እርሱማ ምራቂው ነው» አለችኝ።